«ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» እንዳይላችሁ፦ ኮምፓይለርን ከፕሮሰሰር ጋር የማስማማት አሠራር

ይህን የምጽፈው በስልክ ማስጻፍ ስለሰለቸኝ ነው። አብረውኝ የሚሠሩ ልጆች ይደውሉና «ኮምፓይል አደረግሁት፤ እዚያኛው ማሽን ላይ ግን ገና ሲነሳ ይሞታል» ይሉኛል። ኮምፓይል ማድረግ ማለት የጻፉትን ኮድ ፕሮሰሰሩ ወደሚገባው ትእዛዝ መቀየር ነው፤ የሚቀይረው ፕሮግራም ኮምፓይለር ይባላል። እኔ ደግሞ እዚህ ባሕር ዳር ከጊዮርጊስ ወደ ፖሊ በምትሄድ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ «ሰረዝ፣ ኤም፣ ኤ፣ አር፣ ሲ፣ ኤች፣ ከዚያ እኩል ይሆናል...» እያልሁ ፊደል አስቆጥራለሁ። ባለባጃጁ በመስታወቱ እያየ ይገረማል። እዚህም ትእዛዞቹን የጻፍኋቸው እንደዚያው፣ ጆሮ እንደሚሰማቸው ነው። ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል፣ በትንንሾቹ ታስገቧቸዋላችሁ። «ኦ2» እና «ኦ3» ውስጥ ያለችው ኦ፣ እንዲሁም ብቻዋን የምትመጣው ኪው ግን ትልልቅ ናቸው። ኦዋ ደግሞ ዜሮ አይደለችም። ዓመተ ምሕረት የጠቀስሁበት ቦታ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ነገሩን የተማርሁት ተዋርጄ ነው። ጣና ላይ እምቦጭ የሸፈነውን ቦታ ከሳተላይት ምስል የሚቆጥር ትንሽ ፕሮግራም ሲ በሚባለው ቋንቋ ጽፌ ነበር። ላፕቶፔ 8ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ7 ነው። «ፍጥነት ከፈለግህ ኔቲቭ በል» የሚል ምክር አንብቤ፣ «-ኦ3 -ማርች=ኔቲቭ» ብዬ (ኦ3 «ለፍጥነት በደንብ ልፋ» ማለት ነው) ኮምፓይል አደረግሁና በፍላሽ ይዤ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድሁ። እዚያ የጠበቀኝ ዴስክቶፕ ፔንቲየም ጂ4400 ነው። ፕሮግራሙ ሲነሳ አንዲት መስመር ጽፎ ሞተ፦ «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን»። ኮምፒውተሩን የያዙት ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡና «ልጄ፣ ሕገ ወጥ ነው እኮ የሚለው። ሕግ የጣስነው እኛ ነን ወይስ አንተ?» አሉኝ።

እኔ ነበርሁ። «ማርች» የሚባለው ፍላግ (ከትእዛዙ ጋር የሚሰጥ ማዘዣ) ኮምፓይለሩን «ይህ ፕሮሰሰር የሚያውቃቸውን ትእዛዞች በሙሉ ተጠቀም» ይለዋል። ኔቲቭ ስትሉት ደግሞ ኮምፓይለሩ አሁን የተቀመጠበትን ማሽን አይቶ ይወስናል። የእኔ አይ7 ኤቪኤክስ2 የሚባሉትን፣ ብዙ ቁጥር በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ትእዛዞች ያውቃል፤ ያ ፔንቲየም አያውቅም። የማያውቀው ትእዛዝ ሲደርሰው ፕሮሰሰሩ እንቢ ይላል፣ ሊኑክስም ፕሮግራሙን በሲግናል 4 ይገድለዋል። ወዲያው «ኤኮ» ብላችሁ፣ ከዚያ የዶላርና የጥያቄ ምልክት አስከትላችሁ ብትጠይቁ 132 ይመልስላችኋል፤ 128 ሲደመር 4 ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያያችሁ ጊዜ ኮዳችሁን ከመፈተሽ በፊት ፍላጋችሁን ፈትሹ። የሞተር ጀልባ ጭነት ደንገል ታንኳ ላይ ጭኖ «ታንኳው ምን ነካው» ማለት አይሆንም።

አንደኛ፦ ፕሮግራሙ የሚሮጥባቸውን ማሽኖች ጻፉ

ኮምፓይል የምታደርጉበትን ማሽን እርሱት። ወረቀት ላይ መስፈር ያለበት ፕሮግራሙ የሚሮጥበት ነው፤ ከነዚያም ውስጥ ደካማው። ሥራው ለእናንተ ላፕቶፕ ብቻ ከሆነና ከሌላ ማሽን ጋር የማይገናኝ ከሆነ ኔቲቭን ያለ ሐሳብ ተጠቀሙ፤ ሦስተኛውንም እርምጃ ዝለሉት።

እዚህ ከተማ የሚያጋጥመው ማሽን አብዛኛው ስላይትሊ ዩዝድ ነው፤ ሻጩም «ኮር አይ5 ነው» ብሎ ይጨርሳል። አይ5 ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር እዩ። አይ5-2400 2ኛ ጀነሬሽን ነው፤ በ2011 የወጣ፣ ኤቪኤክስ ያለው ግን ኤቪኤክስ2 የሌለው። አይ5-3470 3ኛ ነው፤ እሱም ኤቪኤክስ2 የለውም። አይ5-4590 ላይ ስትደርሱ፣ ማለትም በ2013 በጀመረው ሃስዌል በሚባለው ትውልድ፣ ኤቪኤክስ2 እና ኤፍኤምኤ (ማባዛትና መደመርን በአንድ ትእዛዝ የሚሠራው) ገቡ። ሦስቱም ሳጥን ላይ የተለጠፈው ምልክት ያው አይ5 ነው።

ጀነሬሽኑን ማወቅም ብቻውን አይበቃም። እኔን ያዋረደኝ ጂ4400 እኮ 6ኛ ጀነሬሽን ነው፤ ከአይ5-4590 በዕድሜ ያንሳል። በዚያ ዘመን ኢንቴል በዴስክቶፕ ፔንቲየምና ሴሌሮን ላይ ኤቪኤክስን ዘግቶ ነበር የሚሸጠው። የዚያው ትውልድ አይ3 ግን አለው። ስለዚህ ከወረቀቱ ወደ ማሽኑ እንሂድ።

ሁለተኛ፦ ማሽኑን ራሱን ጠይቁ

ሊኑክስ ላይ ቀላሉ «ኤልኤስሲፒዩ» ነው። ሞዴሉንና «ፍላግስ» የሚለውን ረጅም ዝርዝር ያወጣል። ያው ዝርዝር «/ፕሮክ/ሲፒዩኢንፎ» በሚባለው ፋይል ውስጥም አለ። በጽሑፍ ብዛት አትደንግጡ፤ የምትፈልጉት ስድስት ቃል ነው፦ ኤስኤስኢ4_2 (ኤስኤስኢ የኤቪኤክስ ቀዳሚ ነው)፣ ፖፕሲኤንቲ፣ ኤቪኤክስ፣ ኤቪኤክስ2፣ ኤፍኤምኤ፣ ቢኤምአይ2። ሁለት ቃላት ግን ሰው ያሳስታሉ። ኤስኤስኢ3ን ስትፈልጉ አታገኙትም፤ ሊኑክስ የሚጽፈው «ፒኤንአይ» ብሎ ነው። ኤልዜድሲኤንቲም እዚያ ዝርዝር ላይ «ኤቢኤም» ተብሎ ነው የሚገኘው።

ከዚህ የሚቀል መንገድ ደግሞ አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ኡቡንቱ 22.04 ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣ ካላችሁ፣ ፕሮግራም የሚጭነውን ፋይል ራሱን ጥሩት፦ «/ሊብ64/ኤልዲ-ሊኑክስ-ኤክስ86-64.ኤስኦ.2 --ሄልፕ»። መጨረሻው ላይ ቪ2፣ ቪ3፣ ቪ4 የሚሉ መስመሮች (ሦስተኛው እርምጃ ላይ የምናያቸው ደረጃዎች) ይመጣሉ፤ ማሽኑ የሚችለው አጠገብ «ሰፖርትድ» ይላል። እኔ አሁን መሥሪያ ቤት ስሄድ መጀመሪያ የምጽፈው ይህን ነው። ጋሼም ለምደውታል፤ «ሕጉን ጠይቀው» ይሉኛል።

ኮምፓይለሩ ኔቲቭን እንዴት እንደተረዳው ማየት ከፈለጋችሁ (የእኔ ኮምፓይለር ጂሲሲ ነው) «ጂሲሲ -ማርች=ኔቲቭ -ኪው --ሄልፕ=ታርጌት» በሉ። የበራውና የጠፋው በሙሉ ይዘረዘራል።

ማሽኑ ቨርቹዋል (በሌላ ማሽን ውስጥ በሶፍትዌር የተቋቋመ) ከሆነ የምታዩት ፊቸር (የትእዛዝ ዓይነት) አስተናጋጁ የፈቀደውን ብቻ ነው። ከሥር ያለው ፕሮሰሰር አዲስ ሆኖ ሳለ ኪውኢሙ የሚባለው ማሽን አስመሳይ ፕሮግራም በነባሪ ሞዴሉ ከተነሳ ኤቪኤክስ አይታይም። ይህ ሲያጋጥም ፍላጋችሁን ከመቀነስ በፊት ቨርቹዋል ማሽኑን ያቋቋመውን ሰው ጠይቁት፤ አንድ መስመር ቅንብር ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፦ ደረጃውን ምረጡ

ድሮ የእያንዳንዱን ፊቸር ስም ደርድሮ መጻፍ ነበር። በ2020 ግን የፕሮሰሰር ሠሪዎችና የሊኑክስ ሰዎች ተስማምተው አራት ደረጃ አበጁ፤ ጂሲሲም ከ11ኛው እትም ጀምሮ ያውቃቸዋል። ኡቡንቱ 20.04 ይዞ የሚመጣው ጂሲሲ 9 ስለሆነ አያውቃቸውም፤ «ባድ ቫልዩ» ካላችሁ ምክንያቱ ይህ ነው።

መሠረቱ ተራው «ኤክስ86-64» ነው። ኤስኤስኢ2 ድረስ ያለው፣ ማንኛውም ባለ 64 ቢት የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ፒሲ ላይ የሚሮጥ። ኡቡንቱ ላይ ምንም ሳትሉ ጂሲሲን ብታዝዙት የሚሠራው ለዚህ ነው። «ኤክስ86-64-ቪ2» ኤስኤስኢ4.2ን እና ፖፕሲኤንቲን ይጨምራል፤ በ2008 የወጣው ኔሄለም ያሟላዋል፣ የእኔው ፔንቲየም ጂ4400ም እዚህ ላይ ነው። «ኤክስ86-64-ቪ3» ኤቪኤክስ፣ ኤቪኤክስ2፣ ኤፍኤምኤ፣ ቢኤምአይ1 እና 2 የገቡበት ነው፤ ከሃስዌል ወዲህ ያሉት አይ3፣ አይ5፣ አይ7 እና የኤኤምዲ ራይዘን ያሟሉታል። «ቪ4» ኤቪኤክስ-512 ነው። ለዚህኛው አትድከሙ ባይ ነኝ፤ ኢንቴል ራሱ በ12ኛ ጀነሬሽን የዴስክቶፕና የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ላይ ዘግቶታል፤ 11ኛው ላይ የሠራላችሁ ፕሮግራም አዲሱ ላይ ይሞታል።

የእኔ ምርጫ እንዲህ ነው። ማሽኖቹን በሙሉ አይቼ ሁሉም «ቪ3 ሰፖርትድ» ካሉ ቪ3። አንድ እንኳ እንደዚያ ፔንቲየም ቪ2 ላይ የሚቆም ካለ ቪ2። ወዴት እንደሚሄድ የማላውቀው ከሆነ ተራው። የትኛው ወግ አጥባቂ፣ የትኛው ደፋር እንደሆነ መለኪያ ከፈለጋችሁ፣ ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 9 ቪ2ን፣ 10 ደግሞ ቪ3ን ይጠይቃል።

ከ«ማርች» ጋር የምትምታታ «ኤምቱን» የምትባል አለች። ይቺ አዲስ ትእዛዝ አትጨምርም፤ ያሉትን ትእዛዞች ለአንድ ፕሮሰሰር በሚስማማ ቅደም ተከተል ታሰልፋለች እንጂ። ስለዚህ «-ማርች=ኤክስ86-64-ቪ2 -ኤምቱን=ኔቲቭ» ብትሉ ማንም አይሞትም።

አራተኛ፦ አጽዱና እንደገና ሥሩ

ሜክፋይል (ሜክ የሚባለው ፕሮግራም ኮዱን እንዴት እንደሚሠራ የሚያነብበት ፋይል) ውስጥ ፍላጉን ቀይራችሁ «ሜክ» ብትሉ ሜክ ፍላግ መቀየሩን አያይም፤ የሚያየው የፋይል ሰዓት ነው። አሮጌዎቹ የኦብጀክት ፋይሎች (ገና ያልተገናኙት የፕሮግራሙ ቁርጥራጮች) በአሮጌው ፍላግ እንደተሠሩ ይቀራሉ። «ሜክ ክሊን» ሳትሉ አትሂዱ፤ ካላችሁ በኋላ፦

ጂሲሲ -ኦ3 -ማርች=ኤክስ86-64-ቪ2 እምቦጭ.ሲ -ኦ እምቦጭ

(የመጨረሻዋ ኦ ትንሿ ናት፤ የውጤቱን ስም የምትሰጠው እሷ ነች።) ኦ3ን የመረጥሁት የእኔ ፕሮግራም ሥራው አንድ ሉፕ (አንዱን ሒሳብ ደጋግሞ መሥራት) ስለሆነ ነው። ኮምፓይለሩ ሉፕን ወደ ሰፊ ትእዛዝ የሚቀይረው ቬክተራይዝ በማድረግ ነው፤ እሱን ደግሞ ከጂሲሲ 12 በፊት በኦ2 አያደርገውም። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ጂሲሲ 11 ስለሆነ በኦ2 ቪ3 ብትሉት ሰፊው መንገድ ተከፍቶ ባዶውን ይቀራል።

ውጤቱን በዓይናችሁ እዩት፦ «ኦብጅደምፕ -ዲ እምቦጭ» የማሽኑን ትእዛዝ ይዘረዝራል። ዋይኤምኤም የሚል ስም ካያችሁ ባለ 256 ቢት ሬጂስተር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ቁጥር የሚቀመጥበት ቦታ)፣ ማለትም ኤቪኤክስ ነው፤ ዜድኤምኤም 512 ነው። ኤክስኤምኤም ብቻ ካያችሁ ግን ገና አትረጋጉ። ትእዛዙ በቪ የሚጀምር ከሆነ፣ እንደ ቪሙቭ እና ቪአድ፣ ሬጂስተሩ ትንሽ ቢሆንም ኤቪኤክስ ነው፤ ፔንቲየሙም ላይ ይሞታል። በቪ2 በሠራችሁት ፋይል ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ከተገኘ አሮጌ ኦብጀክት ፋይል ወይም የሌላ ሰው ስታቲክ ላይብረሪ (ተሠርቶ የመጣ ኮድ) ገብቷል ማለት ነው።

አምስተኛ፦ ከመሄዳችሁ በፊት ደካማው ላይ ሞክሩ

ደካማው ማሽን ሩቅ ከሆነ በኪውኢሙ አስመስሉት፦ «ኪውኢሙ-ኤክስ86_64 -ሲፒዩ ኔሄለም ./እምቦጭ»፣ የኔሄለም ኤን ትልቅ ሆና። ይንቀራፈፋል፤ ግን የማይፈቀድ ትእዛዝ ካለ ቤታችሁ ላይ ይሞትላችኋል፣ ሰው ፊት አያዋርዳችሁም። በትንሽ ምስል ሞክሩት እንጂ ሙሉውን አትስጡት።

ስድስተኛ፦ ለካችሁ ወይስ ገመታችሁ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ቪ3 ሲባል ፍጥነቱ እጥፍ የሚሆን ይመስለዋል። ስሌቱ ያሳስታል፦ ኤስኤስኢ በአንድ ጊዜ 4 ባለ 32 ቢት ቁጥር ይሠራል፣ ኤቪኤክስ2 ደግሞ 8፤ ስለዚህ እጥፍ።

የእኔን ፕሮግራም እንየው። ሴንቲነል-2 የሚባለው ሳተላይት የሚሰጠው አንድ ምስል፣ 10 ሜትር በ10 ሜትር በሆነው ጥራት፣ 10,980 በ10,980 ፒክስል ነው። ከ120 ሚሊዮን በላይ። ለእያንዳንዱ ፒክስል ከቀዩና ከኢንፍራሬዱ ባንድ ልዩነታቸውን ለድምራቸው አካፍላለሁ፤ ቅጠል ኢንፍራሬድን ስለሚመልስ ውሃው ዝቅ፣ እምቦጩ ከፍ ይላል። አንዱ ባንድ 240 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ ሁለቱ 480፤ ውጤቱን ባለ 32 ቢት ቁጥር አድርጌ ስጽፈው ሌላ 480። ስለዚህ አንድ ጊጋባይት የሚጠጋ ዳታ ከራም ይመጣል፣ ወደ ራም ይመለሳል፤ ለያንዳንዱ ፒክስል የሚሠራው ሒሳብ ደግሞ አንድ መቀነስ፣ አንድ መደመር፣ አንድ ማካፈል። ፕሮሰሰሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ራሙን በመጠበቅ ነው። ወፍጮውን ብታፋጥኑት እህሉ የሚመጣው በአንድ አህያ ከሆነ ምን ይፈይዳል? እኔ ስለካው በቪ2 እና በቪ3 መካከል ያየሁት ልዩነት ያን ሁሉ ውርደት የሚያስከፍል አልነበረም። ትልቁን ለውጥ ያመጣው ውጤቱን ወደ ራም መጻፌን ትቼ፣ እዚያው ሉፕ ውስጥ መቁጠሬ ነው።

ቪ3 የሚያዋጣበት ሥራ ግን አለ። ማትሪክስ ማባዛት፣ በትልቅ መስኮት ምስል ማጣራት፣ ቪዲዮ መጭመቅ፤ አንዱን ዳታ ደጋግሞ የሚያሽ ሥራ ሁሉ።

ስትለኩ «ታይም ./እምቦጭ» ይበቃል። የመጀመሪያውን ሩጫ ጣሉት፤ ፋይሉን ከዲስክ የሚያነበው ያኔ ነው። ከዚያ አምስት ጊዜ አስሩጡና መካከለኛውን ያዙ። ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ መብራት ሳለ ለኩ። ባትሪ ላይ ሲሆን ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ አንድ ቀን ቪ3ን በመብራት፣ ቪ2ን መብራት ከጠፋ በኋላ ለክቼ ለሰው ሁሉ «ይሄው እጥፍ!» እያልሁ ሳወራ ውዬአለሁ።

ቁጥሩ ሲለያይ

ሁለት ማሽን ላይ አንድ ምስል ሰጥታችሁ የፒክስሉ ብዛት በጥቂት ቢለያይ ማሽን ተበላሸ አትበሉ። ለምሳሌ ኢቪአይ የሚባለው ሌላው የቅጠል መለኪያ ቀመር መካፈያው ኢንፍራሬድ ሲደመር 6 ጊዜ ቀይ፣ ሲቀነስ 7.5 ጊዜ ሰማያዊ፣ ሲደመር 1 ነው። ኤፍኤምኤ ባለበት ማሽን ማባዛቱና መደመሩ በአንድ ትእዛዝ፣ በአንድ ማጠጋጋት ያልቃል፤ በሌለበት ሁለት ጊዜ ይጠጋጋል። የመጨረሻዋ አኃዝ ትለያያለች፤ በመቁረጫው ቁጥር ጠርዝ ላይ ያለ ፒክስልም ከውሃ ወደ እምቦጭ ይዘላል። አንድ ፒክስል 100 ካሬ ሜትር መሆኑን አትርሱ። ሪፖርት ላይ የሚገባ ቁጥር ከሆነ «-ኤፍኤፍፒ-ኮንትራክት=ኦፍ» ጨምሩበት፤ ከፍጥነቱ ጥቂት ትከፍላላችሁ፣ ቁጥሩ ግን በዚህ ሰበብ አይለያይም።

«-ኤፍፋስት-ማዝ»ን ግን ለዚህ ሥራ አትንኩት። ክረምት ላይ ጣና ግማሹ በደመና ይሸፈናል፤ ደመናውን ፒክስል እኔ «ናን» (ቁጥር ያልሆነ) ብዬ አልፈዋለሁ። ይህ ፍላግ ኮምፓይለሩን «ናን የሚባል የለም» ብሎ ያሳምነዋል፤ ማለፊያውን ኢፍ ጠቅላላ ሊጥለው ይችላል።

አንድ ፋይል ለሁለቱም

ከአንዱም ማሽን ፍጥነት መቀነስ ካልፈለጋችሁ፣ ጠቅላላውን በተራው ደረጃ ሥሩና ከባዱ ፈንክሽን ላይ ብቻ «ታርጌት_ክሎንስ» የሚለውን አትሪቢዩት «ኤቪኤክስ2» እና «ዲፎልት» ብላችሁ አኑሩበት። ጂሲሲ ሁለት ቅጂ ይሠራል፤ ፕሮግራሙ ሲነሳ ፕሮሰሰሩን አይቶ አንዱን ይመርጣል። እኔ አሁን የምጠቀመው ይህን ነው።

አንዳንዱ ይህን ትቶ አንዱን ፋይል ብቻ በቪ3፣ ሌላውን በተራ ኮምፓይል አድርጎ ያገናኛል። በሲ ፕላስ ፕላስ ይህ ወጥመድ ነው። ሄደር ውስጥ ያለ ኢንላይን ፈንክሽን ሁለቱም ፋይል ውስጥ ይሠራና ሊንከሩ (ቁርጥራጮቹን የሚያገናኘው ፕሮግራም) አንዱን ብቻ ያስቀራል። ያስቀረው የቪ3ቱን ከሆነ፣ ደካማው ማሽን ጨርሶ ኤቪኤክስ ያልጠራችሁበት ቦታ ላይ ይሞታል። ፈልጎ ማግኘቱ ሌሊት ያስነጋል።

ዊንዶውስ ላይ ቪዥዋል ስቱዲዮ ለምትጠቀሙ፣ ነባሪው ኤስኤስኢ2 ነው፤ ማሳደጊያው «/አርች፦ኤቪኤክስ2»፣ ሁለቱ ነጥብ እንደ ላቲኑ፣ ኤቪኤክስ ደግሞ በትልልቁ ፊደል ሆኖ። ሐይቅ ዳር መለኪያ ላይ ራስፕቤሪ ፓይ ለምታስሩ ደግሞ «-ኤምሲፒዩ» የምትባለው ማርችንም ኤምቱንንም ትተካለች፦ ለፓይ 3 ኮርቴክስ-ኤ53፣ ለፓይ 4 ኮርቴክስ-ኤ72፣ ለፓይ 5 ኮርቴክስ-ኤ76። ከላፕቶፕ ያወጣችሁትን የኢንቴል ፋይል ፓይ ላይ መገልበጥ ጨርሶ አይሠራም።

ስትጨርሱ ፍላጎቹን ፋይሉ ውስጥ ቅበሯቸው። «-ኤፍሪኮርድ-ጂሲሲ-ስዊችስ» ብላችሁ ኮምፓይል ካደረጋችሁ፣ ከዓመት በኋላም «ሪድኤልፍ -ፒ .ጂሲሲ.ኮማንድ.ላይን እምቦጭ» ስትሉት በምን እንደተሠራ ይናገራል፤ እዚህኛው ላይ ጂሲሲ ሦስቱም ፊደል ትልቅ ነው፣ ነጥቧም ከፊት አትቀርም። ደውላችሁ «ይሞታል» ስትሉኝ መጀመሪያ የማስነብባችሁ ይህን ነው።